ደህና አድርጌ አያለሁ

ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የደረሳት የትምህርት ክፍል የታወቀ ሰሞን አጎቷ «እስኪ ከራሷ ልስማው» ብሎ ቤት ድረስ መጣ። አጎት ማለት የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ነገር ሳያጣራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። ሶሲዮሎጂ ስትለው ቃሉን ሁለቴ አስደገማትና ጥያቄውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ስታመም ታክሚኛለሽ? አላክምህም። ስከሰስ ትሟገቺልኛለሽ? አልሟገትልህም። ቤቴ ሲፈርስ ትሠሪልኛለሽ? እሱንም አልችልም። ታዲያ ምንድን ነው የምታደርጊው ቢላት፣ ሰው ለምን እንደሚታመም፣ ለምን እንደሚካሰስ፣ ቤቱ ለምን እንደሚፈርስበት አጠናለሁ አለችው። አጎት ጥቂት አሰበና «ይሄንንማ ሚስቴም ታውቀዋለች» አለ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ቀርቶ «ማኅበራዊ» ሆነች፤ ግቢውም ተቀበለውና በዚያው ጸና።

እናቷ ብቻ አልሳቀችም። እናትየዋ የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ስንት ዘመን አንሶላ ስትተኩስ የኖረች፣ ጨርቅ በጣቶቿ አሸት አድርጋ ጥጥ ይሁን ቅልቅል፣ አዲስ ይሁን የነተበ የምትለይ ሴት ናት። ትምህርቱ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ እንዲገባትም አልጨነቃትም። የሥራ ባልደረቦቿ ሲጠይቋት «ልጄ የሰውን ነገር ነው የምትማረው፤ ሰው ደግሞ አያልቅም፣ ሥራ አታጣም» ትላቸው ነበር። ምስኪን፣ ሰው እስካለ ድረስ ሥራ ያለ መስሏት ነው።

የሚኖሩበት ግቢ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች ያሉት ነው። ከእነሱ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ እሳት የላሰች ሴትዮ። የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ከጠዋት እስከ ማታ በእግሯ ስትረግጥ ትውላለች፤ እግሯ ቢያርፍ እንኳ አፏ አያርፍም። ይሄን ባልዲ ማነው መንገድ ላይ የገተረው? ይሄ የልብስ ማስጫ ገመድ ዝቅ ብሎ የሰው አንገት ሊቆርጥ ነው? ማነው ደጃፍ ላይ ውሃ የደፋው፣ ሰው ሊያንሸራትት? ጎረቤቱ ለምዷት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መልስ የሚሰጣትም የለ።

ማኅበራዊ ግን ዝም ብላ አላለፈችውም። የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በዚሁ ግቢ ላይ ነው። ለእረፍት በመጣችበት ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ማን ለማን ምን እንዳለ ስትመዘግብ ሰነበተችና፣ የልብስ ሰፊዋን ጩኸት አንድ ሳታስቀር ለቅማ «በጋራ ቦታ አጠቃቀም የሚነሳ የጎረቤት ግጭት» የሚል ምዕራፍ አወጣችለት። መምህሯ ያንን ምዕራፍ በጣም ወደደላት። ክፍል ውስጥ ለተማሪው ሁሉ አንብቦ «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» አለ። ይህን ለእናቷ በስልክ ስትነግራት እናትየዋ «ዓይን አላት አለ? በእናትሽ፣ እንደዛ አለ?» እያለች መላልሳ አስነገረቻት።

በነገራችን ላይ እናትየዋ ያን ጊዜ ሥራዋን ትታ ቤት ውላለች። ልጅቱ ሁለተኛ ዓመት ሳለች ነው፣ የላውንደሪው እንፋሎት ዓይኔን ትንሽ አደከመው ብላ ጡረታዋን ያስከበረችው። ሐኪም አየሽ ወይ ስትባል አየሁ፣ መነጽር ይበቃሻል ብሎኛል አለች። መነጽሩም ተገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ስታደርገው ያያት ሰው የለም።

ልጅቱ ተመረቀች። ከምረቃ በኋላ ያለውን ያየ ያውቀዋል። ከጓደኞቿ አንዷ ባንክ ገብታ የሰው ብር ትቆጥራለች፤ አንዱ ሳሙና ያከፋፍላል፤ ሌላው የስልክ አገልግሎት ውስጥ ተቀጥሮ ደንበኛ ሲሰድበው ይውላል። እሷ እንዳቅሟ ፈተና ወዳለበት ሁሉ ሮጣለች። አንድ ቦታ ላይ የቅጥር ኃላፊው ማስረጃዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ምን ትችያለሽ ሲላት ሰዎችን መረዳት እችላለሁ አለችው፤ እሱም እኛ የምንፈልገው ማሽኑን የሚረዳ ነው ብሎ ሸኛት። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። የሌላውን የመመረቂያ ጥናት እያባዛች ትጠርዛለች። የሶሲዮሎጂ ጥናት ሲመጣ አርፋ አትጠርዘውም፤ መግቢያውን ታነባለች፣ የሆሄ ስህተቱን ታርማለች፣ ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ እንዳላየ ሰው ታስረክበዋለች። አጎቷ ሲያገኛት «እንዴት ነው፣ ሰዉን አጥንተሽ ጨረስሽው?» ይላታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅለት ነበር፤ ኋላ ግን ድምፁን ስትሰማ በጓሮ መውጣት ጀመረች።

ቤት ውስጥስ? ቤት ውስጥ እናቷ ሲኒ ስታነሳ እጇ ቀድሞ ጠረጴዛውን ሲዳስስ ታያለች። ጨው ስታነሳ አሽትታ እንደሆነ ታያለች። ወደ ቧንቧው ስትሄድ ግን ቀጥ ብላ ስለምትሄድ፣ ሳትደናቀፍ ስለምትመለስ፣ መነጽር የጠላች ሴት ናት ብላ ራሷን ታሳምናለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው። ሥራ የሌለው ሰው እናቱ ታማለች ብሎ ቢያምን በምኑ ሊያሳክማት ነው? አለማወቁ ይቀል ነበርና አላወቀችም።

በዚህ መሃል በሰፈሩ መካከል ሰፊ መንገድ ሊያልፍ ነው፣ ቤቶቹ ይነሳሉ፣ ነዋሪው ከከተማው ዳር ወደተሠሩት ፎቆች ይዛወራል ተባለ። ከመዛወሩ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ የነዋሪውን ሁኔታ የሚጠይቅ ቢሮ ተቋቋመ። የቢሮው አማካሪ ያ መምህሯ ሆኖ ተገኘ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ አያትና «አንቺ ዓይን ያለሽ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። በሳምንቱ መረጃ ሰብሳቢ ሆና ተቀጠረች። ሥራው ጊዜያዊ ነው፤ ጥሩ የሠራ ግን ቋሚ ይሆናል ተብሏል። እናቷ ያን ዕለት እልል አለች። ልብስ ሰፊዋም ባልዲ መሳደቧን አቋርጣ መጥታ ሳመቻት።

ሥልጠናውን የሰጣቸው ሱፐርቫይዘር ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነበር። ሕጉ ሁለት ነው አላቸው። አንደኛ፣ የሰማችሁትን እንጂ ያያችሁትን አትመዝግቡ፤ መረጃ ሰብሳቢ አስተያየት የለውም። ሁለተኛ፣ ዘመድ አትጠይቁ፤ ዘመድ የጠየቀ ሰው የሰበሰበው ሁሉ ይሰረዛል። ቀልድ እንዳልሆነም ወዲያው አሳያቸው። አንድ አብሯቸው የሠለጠነ ልጅ፣ በሁለት ክራንች የቆሙ ሽማግሌን መራመድ ይቸገራሉ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ኧረ ልጄ ተመስገን፣ ደህና እሄዳለሁ ሲሉት፣ ክራንቹን አይቶ ታብሌቱ ላይ «በጣም ይቸገራሉ» የሚለውን ነካ። ሱፐርቫይዘሩ ለማጣራት ሽማግሌውን ደግሞ ቢጠይቃቸው፣ ተቸገርኩ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ብለው ተቆጡ። ልጁ በማግሥቱ ታብሌቱን አስረክቦ ሄደ።

የማኅበራዊ ሰፈር የተሰጠው ለሌላ ልጅ ነበር። ያቺ ልጅ ድንገት ወለደችና ሥራዋ ለማኅበራዊ ተላለፈ። እዚህ ላይ አፍ አውጥታ የእኔ ግቢ ነው ማለት ነበረባት። አላለችም። ቋሚ የሚሆኑት የሚለዩት በዚያው ወር ነው፤ ደግሞም ከባዳ እኔ እሻላለሁ ብላ አሰበች፣ እንዲህ ማሰብ ሰውን ያምረዋል። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ግቢውን ሰብስባ አደራ አለቻቸው። ዛሬ አታውቁኝም፣ ሱፐርቫይዘሩ አብሮኝ ሊመጣ ይችላል፣ ካወቃችሁኝ እንጀራዬን ታሳጡኛላችሁ አለች።

ግቢው ደስ አለው። ሰው ለካ ውስጡ ተዋናይ ነው። እሷና ሱፐርቫይዘሩ በበሩ ሲገቡ፣ ሕፃን ሳለች ያዘሏት ሴቶች በግርምት አዩአት፤ አንዱ ሽማግሌ ጭራሽ ምን ፈልጋችሁ ነው ብሎ ቆጣ አለ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይኸ ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ የክርስትና ልብሷን የሰፋችላት ሴት፣ መኪናዋን አቁማ «ከየት ነሽ የኔ ልጅ? ፊትሽ አዲስ ሆነብኝ» አለቻት። ሱፐርቫይዘሩ ጥግ ላይ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል።

ትወናው በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሰዎቹ ግን ጥያቄውን እንደ ፈተና ቆጠሩት። ልጃችን እንዳታፍር፣ ጥሩ መልስ እንመልስላት አሉ። ጥሩ መልስ ማለት ደግሞ ምን ጎድሎብን ማለት ነው። የታመመ አለ ወይ? የለም፣ ተመስገን። የሚረዳችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ? ምን ቆርጦን! እዚያ ግቢ ውስጥ ሦስት ወር ያልተነሳ በሽተኛ አለ፤ ያን ቀን ትራስ ተደግፎ ደህና ነኝ አለ። ልብስ ሰፊዋ ከጎረቤት ውስጥ በሰው እርዳታ የሚኖር ታውቂያለሽ ወይ ስትባል ዓይኗን ወደ ፊት ለፊቱ በር ወርወር አደረገችና፣ እኔ የሰው ቤት አላውቅም፣ ሥራዬን ነው የማውቀው አለች። ማኅበራዊ መልሱን ሁሉ በየተራ ነካች።

የመጨረሻው በር የራሷ ቤት ነው። እናቷ ጸጉሯን አበጥራ፣ ነጠላ ጫማዋን ትታ ሽፍን ጫማ አድርጋ ጠበቀቻቸው። ቤት ውስጥ ማን አለ ስትባል ልጅ አለችኝ፣ ሥራ ላይ ናት አለች። ውሸት አልተናገረችም። ልጅቱ ከታብሌቱ ላይ «እርስዎ» እያለች ታነባለች፤ እናትየዋም መልሳ «እርስዎ» ትላታለች። ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው ደከምዎት፣ ውሃ ላምጣልዎት። ወልዳ ያሳደገቻት ሴት አንቱ ስትላት ልጅቱ ዓይኗን ከታብሌቱ ሳታነሳ ማንበቧን ቀጠለች።

«ማየት ይቸገራሉ?»

«እኔ? በፍጹም። ደህና አድርጌ አያለሁ።» እናትየዋ ይህን ብላ አላቆመችም፤ የእናት ነገር፣ ልጇ ፊት ጎበዝ መሆን አማራት። «እንዲያውም የለበሱት ሹራብ ቀይ ነው። ክርኑ ላይ ተሰፍቷል።»

ሹራቡ ቀይ ነው። ክርኑም ተሰፍቷል። ጠዋት ብርድ ነው፣ ያንን ደርቢ ብላ ከመስቀያው ላይ በጣቷ መርጣ ያወረደችላት እናትየዋ ራሷ ናት። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ ብሎ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማየት መታደል ነው አለ። የልጅቱ ጣት መስታወቱ ላይ ቆም አለ። ክራንች የያዙት ሽማግሌ ትዝ አሏት፤ ታብሌቱን አስረክቦ የሄደው ልጅም ትዝ አላት። «አይቸገሩም» የሚለውን ነካችና ላከችው። አንዴ ከተላከ አይመለስም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ያን ቀን ማታ ግቢው እሷን ከቦ እንደ ሠርግ ቤት ሳቀ። አንዱ የሱፐርቫይዘሩን አነጋገር እያስመሰለ፣ ሌላዋ ማን ነሽ ያለችበትን እየደገመች። እናቷም ስለ ሹራቡ የተናገረችውን እየተረከች ሳቀች። አሁን ሳስበው እነዚያ ሰዎች አንድ ላይ የሳቁበት የመጨረሻው ምሽት እሱ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቢሮው ሰው መጥቶ ግቢው መሃል ቆሞ ምደባውን አነበበ። ዓይኑ የማያይ፣ እግሩ የማይሄድ ሰው ደረጃ የሌለው ታችኛው ቤት ይሰጠዋል፤ የሚረዳው ጎረቤት ካለም አጠገቡ ይደረግለታል። የቀረው በዕጣ ነው። ከዚያ ግቢ ተቸገርኩ ያለ ሰው ስላልነበረ ሁሉም በዕጣ ተበተነ። ለእናትየዋ ከከተማው በምሥራቅ ዳር አምስተኛ ፎቅ ወጣላት፤ ለልብስ ሰፊዋ በምዕራብ ዳር። በሽተኛውም ሦስተኛ ፎቅ ደረሰው። ለምንድን ነው ይህን ቀድማችሁ ያልነገራችሁን ብሎ አንድ ሰው ሲጠይቅ፣ የቢሮው ሰው ቀድመን ብንነግራችሁማ ሁላችሁም ዕውር ትሆኑ ነበር ብሎ ሳቀ።

እናትየዋ ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል ብላ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ግን ልጅቱን ቧንቧው ጋ ያዘቻት። ያቺ ጯሂ ሴት ያን ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እናትሽ አታይም።»

«ትንሽ ይደክማታል እንጂ…»

«ምንም አታይም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ ጀምሮ። ትምህርቷን ጥላ ትመጣብኛለች ብላ አስምላኝ ነው።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንቺ ዓይን አለሽ ብለውሽ አልነበር እንዴ?»

ልጅቱ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ የተተረተ መሰላት።

በማግሥቱ መምህሯ ዘንድ ሄደች። ቢሮው መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው፤ እሱም ሲያያት ደስ አለው፣ እንዳንቺ ያለ ንጹሕ መረጃ የሰበሰበ የለም፣ አንድም ያልተመለሰ ጥያቄ የለበትም አላት። ሰዎቹ እኮ ዋሽተውኝ ነው፣ ለእኔ ብለው ነው፣ ብላ ሁሉንም ነገረችው። አልተቆጣትም። ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው፣ ሰው ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት ይመልሳል፣ ስምም አለው፣ አስተምሬያችሁ የለም ወይ አላት። አስተምሯቸዋል። በዚያ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ታዲያ ምን ይደረግ ብትለው መነጽሩን እየጠረገ «በጥናቱ ውሱንነት ሥር አንድ አንቀጽ እንጽፍበታለን» አለ። በቅንነት ነው ያላት፤ በር ድረስም ሸኛት። የእናቷ ዓይን አንቀጽ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ገባች። አምስተኛ ፎቅ የደረሳቸው ሴትዮ ዓይናቸው አያይም፣ ስህተት አለ፣ ይታረም አለችው። እሱ ደግሞ ያን ቀን አስታወሰ። እንዴት አያዩም፣ የሹራብሽን ቀለም ነገሩሽ እኮ፣ ክርኑን ሳይቀር፣ እኔ ቆሜ አላየሁም ወይ አለ። ከዚያ ትኩር ብሎ ተመለከታት። ሞኝ ሰው አይደለም። ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገና በዚያው ዝቅተኛ ድምፁ አስረዳት። ዘመድሽን ጠይቀሽ ከሆነ የግቢው መረጃ በሙሉ ይሰረዛል። መረጃው የተሰረዘ ግቢ ምደባው ይፈርስና ከሁሉ ኋላ፣ ሌላው መርጦ የተረፈው ይሰጠዋል፤ የተረፈ ነገር መኖሩንም አላውቅም። አንቺም ትሰናበቻለሽ። ዘመድ ካልሆኑ ደግሞ ሴትዮዋ የተናገሩት ተመዝግቧል፣ ያለቀ ነው። የቋሚነት ደብዳቤሽ እዚህ አለ።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እናትሽ ናቸው?»

ልጅቱ ግቢውን ሁሉ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። የታመመውን፣ ሽማግሌውን፣ ልጅ ያላቸውን፣ ባዶ እጃቸውን መንገድ ላይ ሲቀሩ። ደብዳቤውንም አየችው። የትኛውን አስቀድማ እንዳየች እስከ ዛሬ ራሷን ትጠይቃለች፤ ጥያቄ መጠየቅ ተምራለችና ታውቅበታለች፣ መልሱ ነው የሌላት።

«አይደሉም» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ለቀቀች። የስፌት መኪናዋ ተጭኖ፣ እሷም ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ማልቀሷ እንዳይታይ ሹፌሩን ስትሳደብ ሄደች። እናትየዋ በር ላይ ቆማ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀችና እንደ ልማዷ ጆጓን ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች። መንገዱ መሃል የተረሳ ሳፋ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሳትደናቀፍ የሄደችበት መንገድ ላይ ሳፋው መታትና በግንባሯ ወደቀች።

ልጅቱ ሮጣ ስታነሳት ነው የገባት። ወደ ቧንቧው የምትሄደው የስፌት መኪናውን ድምፅ በቀኝ ጆሮዋ እየያዘች ኖሯል። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ባልዲውን ማነው የገተረው፣ ገመዱ ዝቅ ብሏል፣ ውሃ ማነው የደፋው፣ ለግቢው አልነበረም። ለአንዲት ሴት ነበር። ልብስ ሰፊዋ እጇን ሳትይዛት፣ ሰው ሳያውቅባት፣ ክብሯን ሳትነካ ትመራት ነበር። ልጅቱ ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ቃል ሳትዘል ጽፋ፣ የጎረቤት ግጭት አለችው። ተጨበጨበላት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ የሩቅ ዘመድ የተባለው እሷ መሆኗን ግን ያን ቀን፣ የእናቷን ግንባር እየጠረገች አወቀች። አልቅሳ አልወጣላትም።

አሁን ቋሚ ሠራተኛ ናት። ሰማያዊ ኮት ሰጥተዋታል፣ ደረቱ ላይ የቢሮው ምልክት ያለበት። ከከተማ ከተማ እየላኳት የተዛወሩ ሰዎች እንዴት እንደከረሙ ትጠይቃለች፤ አንዳንዴ ሳምንታት ትቆያለች። ሰዎቹ ደህና ነን ይሏታል፣ እሷም ትመዘግባለች። አንድ ቀን ሥራውን እለቃለሁ ብላ ተነሳች፤ ለቅቃ ወዴት? ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት? ቤት የምትረዳ ሰው ልቅጠርልሽ ብትላት እናቷ ምን ሆኜ አለችና ተኮራረፉ። አጎት ጡረታ ወጥቶ ጉልበቱን ያመዋል፣ አምስት ፎቅ አይወጣም፤ ማኅበራዊ ብሎ መቀለዱንም ትቷል። ፊት ለፊት ያለው በር ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ማን እንደሚኖርበት አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ሰሞን ስልክ ትደውል ነበር። ኋላ ተወች፤ በስልክ ምን ትላታለች፣ የማታየውን ባልዲ አትሳደብ።

ሰሞኑን ከመስክ ቀደም ብላ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ነው። ቁልፏን አዙራ በቀስታ ገባችና ልትጠራት ስትል ከውስጥ ድምፅ ሰማች። ሰው የመጣ መሰላት። እናቷ ግድግዳውን በመዳፏ እየታከከች ከአልጋዋ ወደ ኩሽናው ትሄዳለች፤ ስትሄድም በራሷ ድምፅ ሳይሆን በዚያች በጯሂዋ ድምፅ ራሷን ትቆጣለች። ይሄን ወንበር ማነው እዚህ የገተረው? ይሄ ደፍ ሰው ሊሰብር ነው እንዴ? ማነው ውሃ የደፋው? ወንበሩ ጋ ስትደርስ ሰድባው ታልፋለች። እግሯ ሲቆም የስፌት መኪናውን ርግጫ ወለሉ ላይ ትመታለች፣ ትሰማለች፣ ትቀጥላለች።

ልጅቱ ቆማ ቀረች። በመጨረሻ መጣሁ እማዬ አለች።

እናትየዋ ደንገጥ አለችና ወዲያው ቀና ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤቱን ፎቅ ግድግዳ ነው፤ ድፍን ግራጫ ግድግዳ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት።

«መጣሽ እንዴ? እነዚህን ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እያየሁ ነበር» አለች። «ያ ትንሹ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው።»

«አዎ» አለች ልጅቱ። «ስገባ አየሁት።»

እናቷ ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። በዓይኖቿ ከልጇ ትከሻ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን አየር እያየች ፈገግ አለች።

«ያንን ቀዩን ሹራብሽን ለብሰሻል አይደል? ያምርብሻል።»

ሰማያዊው ኮት ላይዋ ላይ ነው፤ ቀዩ ሹራብ ሲያልቅ ለወለል መወልወያ ከሆነ ቆይቷል።

«አዎ እማዬ» አለች። «ቀዩን ነው።»